የፈረንጅ ደብዳቤና የቃሊቲ ቁልፍ

አንባቢ ሆይ፣ በዚህች አገር የፖለቲካ እስረኛ መቼ እንደሚፈታ ለማወቅ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ማገላበጥ አያስፈልግም። የቀጠሮ ቀን የሚቆጥረው ጠበቃው ነው። እናትና ሚስት የሚቆጥሩት ሌላ ነው። ማን ሊመጣ ነው? የትኛው ትልቅ ፈረንጅ ቦሌ ሊያርፍ ነው? የብድሩ ድርድር የት ደረሰ? የቀረበው ገና ነው ወይስ እንቁጣጣሽ? የምሳ ዕቃ ታቅፈው ቃሊቲ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ይውሉ የነበሩ ሴቶች ስለ ብራስልስና ስለ ዋሽንግተን ሲያወሩ የሰማ ሰው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እዚያ ቅርንጫፍ የከፈተ ይመስለው ነበር። ቀልዴን አይደለም፤ ከእነሱ የተማርኩትን ያህል ዲፕሎማሲ ኮሌጅ ገብቼ አልተማርኩም።

ለመሆኑ የፈረንጅ ደብዳቤ እስረኛ ያስፈታል? ያስፈታል። ይህን የሚክድ ካለ ወይ ታሪክ አያውቅም፣ ወይ አውቆ የተኛ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። የሚያስፈታው ማንን ነው? መቼ? የሚከፈለው ዋጋስ ምንድን ነው? ከፋዩስ ማን ነው? ይህን ሳንጠይቅ ሃያ ምናምን ዓመት ኤምባሲ በር ላይ ቆመናል። እኔም አንዱ ነኝ፤ ወደ በኋላ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ከ1997 ልጀምር። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ በሌሊት ተሰልፎ ድምፁን ሲሰጥ እኔ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሰኔ 1 ቀን፣ ቀጥሎም በጥቅምት 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነውን ግን ለማስታወስ ሰባተኛ ክፍል በቂ ነው። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጠረ። አብዛኞቹ የኮሚሽኑ አባላት የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ድምፅ ሰጡ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ይህን እውነት ይዘው ከአገር ተሰደዱ። ደዴሳን ጨምሮ በየካምፑ የተጋዘው ወጣት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ከሰፈራችን የተወሰዱት ልጆች ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ከስተው ሲመለሱ እናቶቻቸው እንኳ ለመለየት ተቸግረው ነበር። ስማቸውን ጠርቶ መግለጫ ያወጣ አምባሳደር አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስማቸው የተጠራው መሪዎቹ ናቸው። ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል፣ ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ለአዲስ አበባ ከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም፣ አርቲስት ደበበ እሸቱ፣ ከእነሱም ጋር የግል ጋዜጦች አዘጋጆች በጅምላ ታሰሩ። ክሱ የአገር ክህደት፣ ሕገ መንግሥት መናድ፣ በዚህ ላይ ደግሞ የዘር ማጥፋት ሙከራ! ከተከሳሾቹ አንዱ ዶክተር ያዕቆብ ኃይለማርያም መሆናቸውን ልብ በሉ። ሰውዬው በተባበሩት መንግሥታት የሩዋንዳ ፍርድ ቤት ዘር አጥፊዎችን ሲከሱ የነበሩ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ከዘር ማጥፋት ከሳሽነት ወደ ዘር ማጥፋት ተከሳሽነት! አይ አገሬ!

ያኔ ፈረንጆቹ ተቆጡ። ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጥ 375 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የበጀት ድጋፍ ያዝን አሉ። የእንግሊዙ የልማት ሚኒስትር ሂላሪ ቤን በጥር 1998 ዓ.ም. 50 ሚሊዮን ፓውንዳቸውን እንደማይሰጡ ተናገሩ። ለእንግሊዞች ነገሩ ኀፍረትም ነበረው። አቶ መለስ ዜናዊ ቶኒ ብሌር ባቋቋሙት የአፍሪካ ኮሚሽን ውስጥ አባል ሆነው፣ ስለ መልካም አስተዳደር የሚያወራውን ሪፖርት ከእነሱ ጋር የፈረሙ ሰው ናቸው። ሪፖርቱ የወጣው በዚያው በምርጫው ዓመት ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አዲስ አበባ ላይ ተተኮሰ።

ታዲያ ምን ሆነ? በ1998 ዓ.ም. ዓመቱ ሳያልቅ በዓለም ባንክ አማካይነት ፒ.ቢ.ኤስ. የሚባል ፕሮግራም ተፈለሰፈ። ገንዘቡ በፌዴራል መንግሥት ካዝና እንደፈለገ የሚታዘዝ መሆኑ ቀርቶ፣ ለወረዳ ትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ በሚል ስም፣ ትንሽ ቁጥጥር ታክሎበት መፍሰስ ጀመረ። በአንድ እጅ ነጥቀው በሌላው ሰጡ ማለት ነው። አጠቃላይ የዕርዳታው መጠን በቀጣዮቹ ዓመታት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እዚህ ላይ ሰው እንዳይሳሳትብኝ እፈልጋለሁ። የገበሬው ልጅ ክትባት ይቅርበት፣ ጤና ጣቢያው ይዘጋ የምል ሰው አይደለሁም። ይልቅ የነገሩን ምሥጢር እዩት። መንግሥት በእጁ የያዘው አንድ መያዣ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ነው። አንደኛው ቃሊቲ ያለው እስረኛ፣ ሁለተኛው ከረጂ የሚጠብቅ ረሃብተኛ። ለጋሹ ስለ አንደኛው ሲጮኽ ሁለተኛውን ያሳዩታል። ለጋሹም ዝም ይላል።

ከዚያ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መጣ። ጦራችን ሞቃዲሾ ገባ። ዋሽንግተን ሽብርተኛ የሚዋጋላት ወዳጅ ባገኘች ማግሥት ስለ እስረኛ የሚያወራው ድምፅ ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ሆነ። በምክር ቤት በኩል የኒው ጀርሲው ተወካይ ዶናልድ ፔይን ኤች.አር. 2003 የሚባለውን ሕግ ይዘው ሲለፉ፣ የእኛ መንግሥት ዲ.ኤል.ኤ. ፓይፐር የሚባል የዋሽንግተን ጉዳይ አስፈጻሚ ድርጅት ቀጥሮ ሕጉን ይከላከል ነበር። የድሃ አገር ዶላር! ሕጉ በታችኛው ምክር ቤት መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. አለፈ፤ ሴኔቱ ጋ ደርሶ እዚያው ተቀበረ።

ታሳሪዎቹስ? ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. አብዛኞቹ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ሐምሌ 13 ቀን 38ቱ ተፈቱ። ዕድሜ ልክ ማለት አራት ቀን ነው እንዴ? ለአደባባይ የቀረበው የነፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ሽምግልና ነበር፤ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። እኔ ሽምግልናን አልንቅም፤ የአባቶቻችን ነው። ግን ከሽምግልናው ሥር አንድ ወረቀት ነበረች። ጥፋተኝነትን የምታምን፣ ይቅርታ የምትጠይቅ፣ ፊርማ ያረፈባት ወረቀት። አምባሳደሮቹ እፎይ አሉ፣ እኛም እልል አልን፣ ወረቀቷ ግን ፋይል ውስጥ ተቀምጣ ቀኗን ትጠብቅ ነበር።

ቀኗ ሩቅ አልነበረም። ወይዘሪት ብርቱካን ስዊድን ሄደው ስለ ይቅርታው አፈጻጸም ተናገሩ ተባለ። «አስተባብዪ» ተባሉ። «ቃሌ» የምትል ጽሑፍ አውጥተው በአቋማቸው ፀኑ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ከመንገድ ተይዘው ያ አራት ቀን የኖረው ዕድሜ ልክ ፍርድ እንደገና ነፍስ ዘራ። ወራት ለብቻቸው ተዘጋባቸው፤ ትንሽ ልጃቸውን በእናታቸው እጅ ጥለው። ፓርላማ አልተቋረጠም፣ ዕርዳታ አልተቋረጠም፣ የ2002 ምርጫም እሳቸው እስር ቤት እያሉ ተካሄደ። መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲፈቱ የተጠየቁት ያንኑ ነው፤ ሌላ ይቅርታ፣ ሌላ ፊርማ። ዓለም ተገለባባጭ ናትና በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ሰውዬዋ ወንጀለኛ ከነበሩ እንዴት ተሾሙ? ካልነበሩስ ያ ሁሉ ዓመት የማን ዕዳ ነው? ይህን የጠየቀ ኤምባሲ አልሰማሁም። እኛም ብዙ አልጠየቅንም።

ነገሩ ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ያስታውሷል። ስንቱን ሕመምተኛ ከሞት አፋፍ የመለሱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሪ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው፣ ስለ እሳቸው ስንት ደብዳቤ ተጽፎ፣ ስንት አቤቱታ ገብቶ፣ የተፈቱት በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ሕመሙ ከጨረሳቸው በኋላ ነው። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ላይ አረፉ። ነፃነታቸው አምስት ወር አልሞላም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያኔ የሠራው የፈረንጅ ደብዳቤ አይደለም፤ «እጃችን ላይ እንዳይሞቱ» የሚለው ስጋት ነው።

የመምህራን ማኅበሩ ሊቀመንበር የዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ነገር ግን ትንሽ ይለያል፤ ትምህርትም አለው። በግንቦት 1988 ዓ.ም. ተይዘው በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት ተፈረደባቸው። ለእሳቸው የጮኸው የውጭ ሰው የአንድ ሳምንት ጯሂ አልነበረም። የዓለም መምህራን ማኅበራት ኅብረትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉዳያቸውን ዓመት ከዓመት በስብሰባ፣ በመዝገብ ቁጥር፣ በጥያቄና መልስ ይዘው አልለቀቁም። ሚኒስትር ቢቀየር፣ አምባሳደር ቢዛወር መዝገቡ አይዘጋም ነበር። በግንቦት 1994 ዓ.ም. ተፈቱ። የጉብኝት ሰሞን ከሚነሳ ጩኸት ይልቅ እንዲህ ያለው ንዝንዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ 2003 እና 2004 ዓ.ም. እንለፍ። እዚህ ላይ ሚዛኑ ራቁቱን ወጣ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ማርቲን ሺብዬና ዮሐን ፔርሾን የተባሉ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ኦጋዴን ውስጥ ተያዙ። በሽብርተኝነት 11 ዓመት ተፈረደባቸው። በ2005 ዓ.ም. ዋዜማ፣ አቶ መለስ ካረፉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በቴሌቪዥን ይቅርታ ጠይቀው ወደ አገራቸው ገቡ። እሰየው! ማንም ጋዜጠኛ በመታሰሩ ደስ አይለኝም። ግን በዚያው ሰሞን የታሰሩት የእኛዎቹስ? ውብሸት ታዬ 14 ዓመት፣ ርዕዮት ዓለሙ እንዲሁ 14 ዓመት ኋላ ወደ 5 የተቀነሰ፣ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት። እስክንድር መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ ነው የተያዘው። ያ ልጅ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው እስር፣ እናቱ ሰርካለም ፋሲል እስረኛ ሳለች የተወለደ ነው። የፔን ሽልማት ተሰጠው፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥራ ቡድን እስሩ በዘፈቀደ የተፈጸመ ነው ብሎ ወሰነለት። ሽልማቱም ውሳኔውም የቃሊቲን ቁልፍ አላዞረም። ስዊድናዊ ፓስፖርት ከአንድ ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ያስፈታል፤ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እስከ የካቲት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ድረስ ያስቆያል። ስድስት ዓመት ከአምስት ወር።

የውጭ ፓስፖርት ያለው ሁሉ ይፈታል ማለትም አይደለም። አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ የእንግሊዝ ዜጋ ናቸው። ሰኔ 16 ቀን 2006 ዓ.ም. ከሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ታፍነው መጡ። የዜጋውን ነፃነት ይጠይቃል የተባለው የለንደን መንግሥት በ2008 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ፊሊፕ ሃሞንድን አዲስ አበባ ልኮ ይዞ የተመለሰው «ጠበቃ ያገኛሉ» የሚል የተስፋ ቃል ነው። ይፈቱ አላለም! ቆዳው ነጭ ቢሆን ኖሮስ? አንባቢ ይፍረድ።

የባራክ ኦባማ ጉብኝት ነው ከሁሉም የሚገርመኝ። የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች የታሰሩት በሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ አዲስ አበባ ሊገቡ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ነበር። ከንቀት ሌላ ምን ይባላል? ከዓመት በኋላ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሊመጡ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ሐምሌ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. አምስቱ «ክሳችሁ ተቋርጧል» ተብለው ተለቀቁ። ርዕዮት በማግሥቱ ወጣች። የተቀሩት ለምን ቀሩ? ክሱ አንድ፣ ማስረጃው አንድ! ለእንግዳ የሚታረደው ሙክት አንድ ነው፤ ሌላው ለሚቀጥለው እንግዳ ይቆያል። እርግጥ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነፃ ናችሁ ብሏቸዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያውም ክስ አልነበረም ማለት ነው።

ኢሕአዴግና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር አንድም ሳያስቀሩ ከወሰዱ ሁለት ወር ነበር። ለጉዞው ዋዜማ የፕሬዚዳንቱ የፀጥታ አማካሪ ሱዛን ራይስ ስለ ምርጫው ተጠይቀው «መቶ በመቶ» እያሉ ሲስቁ ዓለም አየ። አለቃቸው ግን ቤተ መንግሥት ቆመው በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ መንግሥት ሲሉ አወደሱ። በማግሥቱ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ጋዜጠኛ የሚታሰርበት ዴሞክራሲ የስም ብቻ ነው ብለው ንግግር አደረጉ፣ ተጨበጨበላቸው። የቆሙበት መሬት ምን እንደነበር የነገራቸው ሰው ይኖር ይሆን? የአፍሪካ ኅብረት ያ ረጅም ሕንፃ የተሠራው «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት በፈረሰበት ቦታ ላይ ነው። የንጉሡም፣ የደርግም፣ የኢሕአዴግም እስረኛ የማቀቀበት ከርቸሌ! እንግዲህ ግድግዳውን ማፍረስ ቀላል ነው፤ ቻይና ገንዘብ ሰጥታ አምሮበታል።

«ይህ የውስጥ ጉዳያችን ነው፤ ሉዓላዊ አገር ነን» የሚለው መልስ በየዘመኑ አይጠፋም። ከፊሉ እውነት አለው፤ አልክድም። የሽብርተኝነት አዋጁ ቁጥር 652 ሲተች አቶ መለስ ከሠለጠኑት አገሮች ሕግ ቃል በቃል የወሰድነው ነው ብለው ነበር፤ ጓንታናሞን የከፈተ መንግሥት ስለ እስረኛ ሲሰብከንም ደስ አይልም። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብራችን ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ ሉዓላዊነት የት ሄዶ ነበር? ዘይትና ስኳሬ ላይ ፈረንጅ እንዲደራደር ተፈቅዶለት፣ ስለ ታሰረው ጎረቤቴ ሲጠይቅ ነው ጣልቃ ገብ የሚባለው? ድንቄም ሉዓላዊነት!

አዋጅ 652 በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። የውጭ ገንዘብ ከአሥር በመቶ በላይ የሚቀበል ማኅበር ስለ ሰብዓዊ መብት እንዳይሠራ የከለከለው የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት አዋጅም በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል። እነዚህን ሕጎች ያስቀየረው ማን ነው ቢባል ኤምባሲ አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያና በአማራ ክልል መንገድ ላይ ወጥቶ የሞተው ወጣት ነው። ዶክተር መረራ ጉዲና ብራስልስ ሄደው በአውሮፓ ፓርላማ ስለተናገሩ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ቦሌ እንደገቡ ሲታሰሩ፣ የጋበዛቸው ፓርላማ ውሳኔ ከማሳለፍ በቀር ምን አደረገ? በጥር 2010 ዓ.ም. ያስፈታቸው አገሩን ያናወጠው ተቃውሞ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ኤች.ሬዝ. 128 የተባለውን ውሳኔ ያጸደቀው ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አብዛኛው እስረኛ ከወጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከተቀየሩ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ያ የፍቺ ሰሞን ለጥቂት ጊዜ ልባችንን ሞላው። ከዚያ እንደገና ጀመርነው። እስክንድር ነጋ በ2012 ዓ.ም. ዳግም ታሰረ፤ ጃዋር መሐመድና በቀለ ገርባም ታሰሩ። የተፈቱትስ መቼ? በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት። አሜሪካ በዚያው ሳምንት አገራችንን ከአጎዋ ገበያ አስወጥታ ነበር፣ ልዩ መልዕክተኛዋም አዲስ አበባ ነበሩ፣ በቀናት ልዩነት ፕሬዚዳንት ባይደን ስልክ ደወሉ። የአጎዋው ቅጣት የወደቀው ደግሞ በማን ላይ ነው? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ በሚሰፉ ልጃገረዶች ላይ። ቅጣቱ ከላይ ይወሰናል፣ ከታች ይከፈላል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለ ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሳ ተያዙ። አብረዋቸው ፖለቲከኞች፣ ጋዜጠኞችና ስማቸው የማይታወቅ ስንትና ስንት ወጣቶች ታፈሱ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ኑዛዜ የሚመጣው።

በዚያን ጊዜ አንድ የውጭ ኤምባሲ የፖለቲካ ክፍል ሠራተኛ፣ ስሙንም ኤምባሲውንም አልጠራም፣ ሆቴል ቡና ጋበዘኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አማርኛም ይሞካክራል። «የምታውቃቸውን እስረኞች ዝርዝር ብትሰጠኝ» አለ። ደብተሬ ላይ 31 ሰው ነበረኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የተያዙበት ቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩበት ቦታ። ለሳምንታት በእግሬ የሰበሰብኩት ነው። አየና «በጣም ረጅም ነው» አለኝ። «አለቆቼ አንድ ገጽ ነው የሚያነቡት። አምስት ስድስት የታወቁ ሰዎች ምረጥልኝ።»

መረጥኩ። አንድ ፖለቲከኛ፣ ሁለት ጋዜጠኞች፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አንድ የፓርቲ ወጣት። እስክሪብቶ ይዤ በሃያ ስድስት ሰው ላይ መስመር ሳሰምር ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ካሰመርኩባቸው አንዱ የ19 ዓመት የታክሲ ረዳት ነበር። እናቱ ከቤቴ ማዶ ካለው ጥግ ቡና ያፈላሉ። ከሆቴሉ ስመለስ ረከቦቱ አጠገብ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ያንን ፈረንጅ አገኘኸው?»

«አገኘሁት፣ እማማ።»

«የእኔን ልጅ ጻፍክልኝ?»

«ጽፌዋለሁ» አልኳቸው። ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፤ እሱ አልቀረም።

ያ ኤምባሲ በኋላ መግለጫ አወጣ። እንኳን ሃያ ስድስቱ፣ አምስቱም ስማቸው አልተጠራም። «ስጋታችንን እንገልጻለን» የምትለዋ የታወቀች ዓረፍተ ነገር ብቻ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በፈረንጅ ብቻ መፍረድ አቃተኝ። ታዋቂውን ከማይታወቀው የለየሁት እኔ ነኝ፤ በደዴሳ ጊዜ የሰፈሬን ልጆች የረሳውን ሰው ሁሉ ስወቅስ ኖሬ፣ ዕድሉ እጄ ሲገባ ያንኑ አደረግሁ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የምትጠይቁ አገሮች ከጠየቃችሁ ሙሉውን ዝርዝር ጠይቁ፤ ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ ያለውንም፣ ፖሊስ ጣቢያ ወለል ላይ የሚተኛውንም። አንድ ገጽ ካልበቃ ሁለተኛ ገጽ ጨምሩ፤ ወረቀት አላጣችሁም። ይቅርታ የሚባለውን ወጥመድ እንደ ድል አትቁጠሩት፤ ያልበደለ ሰው ክሱ ይዘጋ እንጂ ፊርማ አይጠየቅ። ችሎት ላይ ሰው ልካችሁ ወንበር ያዙ፤ በቅንጅት ክስ ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ አስቀምጦ ነበርና አዲስ ነገር አልጠየቅንም። ስለ ብድር ስትነጋገሩ አንሱት፣ ሻይ ስትጠጡ ሳይሆን። የገበሬውን ክትባት ግን አትንኩ።

ከዚያ በፊት ደግሞ እኛ። የማን ልጅ የት እንደታሰረ የሚመዘግብ ደብተር በየሰፈሩ፣ በየዕድሩ፣ በየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ለምን አይኖርም? ለፈረንጅ እስክንሰጥ ድረስ እስረኞቻችንን አንቆጥራቸውም እንዴ? የእኔ ደብተር አሁን መስመር የተሰመረበት ስም የለውም። ሃያ ስድስቱን እንደገና ጻፍኳቸው።

ያ ረዳት ከሰባት ወር በኋላ ያለ ክስ፣ ያለ ወረቀት፣ አንድ ማለዳ «ሂድ» ተብሎ ተለቀቀ። ማን እንዳስፈታው አይታወቅም፤ ለምን እንደታሰረም አልተነገረውም። አሁን ታክሲው ላይ ተመልሷል። እናቱ ቡና ቀድተውልኝ ሒሳብ ልክፈል ስል እጄን ይመልሱታል።

«አንተማ ልጄን ያስፈታህልኝ!» ይላሉ።